ትንሽ የሄደ አሮጌ ስፖርት መኪና፦ እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ይያዛል?

የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «አንድ ጊቢ ውስጥ የቆመ ሁለት በር መኪና አግኝቻለሁ። ዕድሜው አርባ ዓመት ነው፤ የሄደው ግን አርባ ሺህ ኪሎሜትር ብቻ ነው። ልግዛው?» አንዱ ከሰበታ ይደውላል፣ ሌላዋ ከለገጣፎ ፎቶ ትልካለች። መልሱ በስልክ አያልቅም። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ጽፌዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ይሄን ያዙልኝ። ትንሽ የሄደ ማለት ጤነኛ ማለት አይደለም። ጎማ፣ ጎሚኒ (ዘይትና ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋ ላስቲክ)፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የፍሬን ዘይት፣ ታይሚንግ ቤልት (የሞተሩን ውስጥ ዕቃዎች በልክ የሚያዞር ቀበቶ)፣ እነዚህ መኪናው ቢሄድም ባይሄድም ያረጃሉ። በየሳምንቱ የሚነዳ መኪና ችግሩ ቶሎ ይታያል፣ ቶሎም ይሠራል። የቆመ መኪና ግን ችግሩ ሁሉ ተጠራቅሞ ገዢውን ይጠብቃል። ሻጩ ዋጋ የሚጠራው በኪሎሜትሩ ነው፤ እናንተ የምትከፍሉት ደግሞ የቆመበትን ዓመት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ ማስገባት ስለተከለከለ ምርጫችሁ እዚሁ ያለው ብቻ ነው። ለመለዋወጫ የሚፈታ ሁለተኛ መኪና ከውጭ አስመጣለሁ ማለትም አይቻልም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ያለው ምርመራ ከድሮው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ምሳሌ የማነሳው በፊያት 124 ስፓይደር፣ በአልፋ ሮሜዮ ስፓይደር፣ በመርሴዲስ ኤስኤል፣ በፖርሽ 944 እና በማዝዳ ኤምኤክስ 5 ነው። ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ለማየት ስትሄዱ የምትይዙት

- ጥሩ የእጅ ባትሪ። የስልክ መብራት ከመኪና ስር አይበቃም።
- በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ (ሞተር ውስጥ ብልጭታ የሚሰጥ ዕቃ) መፍቻ
- ክሪክ እና ሁለት ጠንካራ ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት መደገፊያ)
- ኮምፕሬሽን መለኪያ፣ ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ግፊት የሚያነብ (ከመካኒክ መዋስ ይቻላል)
- ባትሪ የሚለካ ቴስተር
- ግማሽ ሊትር ንጹህ የሞተር ዘይት እና መርፌ የሌለው ሲሪንጅ
- ትልቅ ካርቶን፣ ለመተኛትም፣ ስር አንጥፎ የሚንጠባጠበውን ለማየትም
- ትንሽ የእሳት ማጥፊያ
- ደብተር እስክሪብቶ

ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል የድሮ ዕቃ) የሚያውቅ መካኒክም አብሯችሁ ይሂድ። ኮምፒውተር ሰክቶ ብቻ ችግር የሚፈልግ ልጅ ጎበዝ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም። እነዚህ መኪኖች አብዛኞቹ የሚሰካበት ቦታ የላቸውም።

1. ከመኪናው በፊት ወረቀቱን እዩ

መኪናውን ካያችሁ በኋላ ልባችሁ ስለሚሄድ ወረቀት መመርመር ይከብዳችኋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ።

ሊብሬውን በኦርጅናሉ ጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩን ቦዲው ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት በአብዛኛው 17 ፊደልና ቁጥር አላቸው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ያጥራሉ፤ ማጠሩ ብቻውን አያስደንግጣችሁ። የሞተር ቁጥሩንም እዩ። አሮጌ መኪና ላይ ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ሳይስተካከል የቀረ ብዙ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ስም ዝውውሩ እዚያው ይቆማል። ማስተካከሉን ሻጩ ይጨርስ፤ «አብረን እንጨርሳለን» አይሠራም።

ቀጥሎ ባለቤቱ ማነው? እንዲህ ዓይነት መኪና ብዙ ጊዜ የአባት ወይም የአያት ነው። ባለቤቱ አርፈው ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወራሾቹም ሁሉም መስማማት አለባቸው። አንድ ወንድም ውጭ አገር ካለ ውክልናው እስኪመጣ ጠብቁ። ባለቤቱ በሕይወት ካሉና ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛቸው ፊርማ ይጠየቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ በውክልና ብቻ ገዝታችሁ ስም ሳታዛውሩ ዓመታት አትቀመጡ። ወካዩ ከሞቱ ውክልናው አብሮ ይቀራል። ያኔ ከማታውቋቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትገናኛላችሁ።

መኪናው በዲፕሎማት ወይም በሌላ የቀረጥ ነፃ መብት የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ የጉምሩክ ማስረጃ ጠይቁ። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖሩንም ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት አጣሩ። ሰሌዳው አአ ከሆነ ፋይሉ አዲስ አበባ፣ ኦሮ ከሆነ ኦሮሚያ ነው። መኪናው ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ስለቆመ ብቻ ፋይሉም እዚያ ነው ብላችሁ አትገምቱ። ያልታደሰ ቦሎ ስንት ዓመት እንደተጠራቀመም እዚያው ጠይቁ።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ሻጩ የሚነግራችሁ የተሠራበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ሌላ ሞዴል ነው፤ መለዋወጫ ስታዙ የማይገጥም ዕቃ ይመጣላችኋል።

2. «አታስነሱት፣ አታጥቡትም» በሉ

ቀጠሮ ስትይዙ ይሄን አስቀድማችሁ ንገሩ። ታጥቦ የሚጠብቅ መኪና ዘይት የሚያፈስበት ቦታ አይታይም። ሞቆ የሚጠብቅ ሞተር ደግሞ የጠዋት ድምፁንና ጭሱን ይደብቃል። እንደደረሳችሁ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ከሞቀ በሌላ ቀን ተመለሱ።

3. ዝገት፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ሞተር ይሠራል፣ ፍሬን ይቀየራል። የበሰበሰ ቦዲ ግን የመኪናውን ዋጋ ይበላል፤ ስፖርት መኪና ላይ ጎበዝ ባቲላሜራ (ቦዲ ሠሪ) ማግኘትም ከባድ ነው። እዚህ እንደ አውሮፓ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፣ ባሕርም የለም። የኛ ጠላት ክረምቱ፣ ጭቃውና የአፈር ወለል ነው። ሰኔ ገብቶ መስከረም እስኪጠባ አፈር ላይ የቆመ መኪና ከስር እርጥበት ሲጠጣ ይከርማል። ከላይ ቀለሙ እያበራ ከስር ያለው ብረት ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ማግኔቱን በቦዲው ላይ ቀስ እያላችሁ አስኪዱ። ከያዘ ብረት ነው። መያዝ የተወበት ቦታ ስር ስቱኮ (ቀዳዳ የሚሞላበት ልስን) ሊኖር ይችላል። ጨርቁ ቀለም እንዳይጭር ነው፤ የሰው ንብረት ነውና እንዳትረሱት። በተለይ የጎማ ቅስቱን ዙሪያ፣ የበሩን ታች እና ከበሩ ስር በርዝመቱ የሚሄደውን ብረት እዩ።

ከዚያ ውስጡን። ምንጣፉን አንሱና ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጉ፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰ ድምፁ ይታፈናል። ባትሪ የሚቀመጥበትን ሳህን እዩ፣ አሲድ ይበላዋል። የኋላ ኮፈኑን ክፈቱና ስኮርታ ጎማውን አንስታችሁ ስሩን አብሩ።

በከተማው ዳር የቆሙ መኪኖች ላይ ደጋግሜ የማየው አንድ ቦታ አለ። ከፊት መስታወቱ ስር ያለው የውሃ መውረጃ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሞላዋል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ እዚያው ይቆምና ወደ ውስጥ ወለሉ ይወርዳል። ቅጠሉን በእጃችሁ አውጡና ስር ያለውን ብረት ንኩ። ክፍት ጣሪያ ከሆነም ከወንበሮቹ ጀርባ ያሉትን መውረጃዎች እዩ።

ክፍት ጣሪያ መኪና አንድ ተጨማሪ ፈተና አለው። ጣሪያ ስለሌለው ጥንካሬውን የሚያገኘው ከወለሉና ከበር ስር ካለው ብረት ነው። አንዱን ጎን በክሪክ ከፍ አድርጉና በሩን ከፍታችሁ ዝጉ። በሩ ከነካ ወይም አልገጥም ካለ ወገቡ ደክሟል። እሱን ተዉት፣ ዋጋው ቢቀንስም።

ማስጠንቀቂያ፦ በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ስር ማንም እንዳይገባ። ካቫሌቶ ሳታስገቡ፣ ኮብልስቶን ወይም ለስላሳ አፈር ላይ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋ ጣውላ ሳታነጥፉ እጃችሁንም አታስገቡ።

4. ኪሎሜትሩን አትመኑ፣ አመሳክሩ

የድሮ ኮንታኪሎሜትር ብዙ ጊዜ 5 አሃዝ ነው። 99,999 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ 40,000 የሚለው 140,000 ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ የሚቆጥረው በማይል ነው፤ 40,000 ማይል ወደ 64,000 ኪሎሜትር ነው። ሽቦው ተነቅሎ ዓመታት የተነዳም አለ።

ማመሳከሪያው የሰው እግርና እጅ የነካው ቦታ ነው። የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳል ጎማ፣ የማርሹ እጀታ፣ የመሪው ጠርዝ፣ የሾፌሩ ወንበር መግቢያ በኩል ያለው ጠርዝ። ፔዳሉ አዲስ ሆኖ ወንበሩ ካለቀ አንዱ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ጠይቁ። የቆዩ የጋራዥ ደረሰኞችና የቴክኒክ ምርመራ ወረቀቶች ላይ ኪሎሜትር ተጽፎ ከተገኘ ከማንም ምስክር ይበልጣል።

ጎማው ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 አሃዞች አንብቡ። 2315 ማለት በ2015 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። 3 አሃዝ ብቻ ካለ ከ2000 በፊት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ይጣላል። ጎማው ውስጥ ውስጡን ደርቆ በፍጥነት ላይ ይፈነዳል። ስኮርታውንም አትርሱ።

5. የተኛ ሞተር እንዲህ ይቀሰቀሳል

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። ሻጩ «ካቦ አምጡ፣ አሁን ይነሳል» ይላል። አይሆንም በሉ። ለወራት የቆመ ሞተር የሲሊንደሩ ግድግዳ ደርቋል፤ ፋሻው (ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት) በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በሞተሪኖ (በማስነሻው) በግድ ሲዞር ይጫራል፣ አንዳንዴም ፋሻ ይሰበራል። ታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚንም ወራት ካለፈው ዝቃጭ ሆኗል፤ ወደ ካርቡሬተር ከገባ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። መርሴዲስና ፖርሽ ላይ ያለውን የቦሽ ኢንጀክሽን (ነዳጅ መርጫ) ከነካው ደግሞ ወጪው ሌላ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦

ሀ. ሽቦዎቹን በሙሉ በዓይን ተከታተሉ። አይጥ የበላው ሽቦ ካለ ባትሪ አታገናኙ፣ እሳት ያስነሳል።

ለ. ካንዴላዎቹን ፍቱና በተራ አስቀምጧቸው። የየትኛው ሲሊንደር እንደሆኑ እንዳትቀላቅሉ።

ሐ. በየሲሊንደሩ በሲሪንጅ ትንሽ ዘይት አስገቡ፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊሊትር ይበቃል። ቢቻል አሳድሩት።

መ. ሞተሩን በእጅ፣ በትልቅ መፍቻ፣ ከፊት ባለው ፑሊ በኩል ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ካልዞረ አትታገሉት። ነክሷል፤ ዋጋውም የነከሰ ሞተር ዋጋ ነው።

ሠ. ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ።

ረ. የኮይሉን (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ሽቦ ንቀሉ፤ ካንዴላ ሳይገባ በሞተሪኖ በአጭር በአጭሩ አዙሩ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። በዚህ ጊዜ ዘይቱ በየቦታው ይደርሳል።

ሰ. ካንዴላዎቹንና የኮይሉን ሽቦ መልሱ። የታንከሩን ነዳጅ አትጠቀሙ። ከንጹህ ጀሪካን በአዲስ ቱቦ ስጡት። የእሳት ማጥፊያው ከአጠገባችሁ ይሁን፣ ሲጋራ የያዘ ሰው ከጊቢው ይውጣ።

ማስጠንቀቂያ፦ ታይሚንግ ቤልት ያለው ሞተር ከሆነ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ሳይኖር አታስነሱት። ፖርሽ 944 ላይ ቤልቱ ከተበጠሰ ባልቮላው (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው ክዳን) ከፒስተን ጋር ይጋጫል፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል። ፊያት 124 ስፓይደርም በቤልት ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው ኤምኤክስ 5 ባለ 1.6 ሞተሩ ቤልቱ ቢበጠስ ባልቮላ አይጋጭም፤ መንገድ ላይ ያስቀራችኋል እንጂ። የአልፋ ስፓይደርና የመርሴዲስ ኤስኤል ሞተሮች በካቴና (በሰንሰለት) ናቸው፤ ካቴናውም ይረዝማል፣ ሲነሳ የሚንኳኳ ድምፅ ስሙ።

ሻጩ ይሄ ሁሉ አይደረግም ካለ መብቱ ነው። እናንተም ሞተሩ እንደማይሠራ ቆጥራችሁ ዋጋ አቅርቡ።

6. ኮምፕሬሽን ስትለኩ ከፍታችንን አስቡ

ይሄን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ጤነኛ ሞተር «ወርዷል» ይባላል፣ ያለበቂ ምክንያትም ይፈታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። ፋብሪካው 12 ባር ካለ እዚህ 9 አካባቢ ብታገኙ አትደንግጡ።

ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ10 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። አንዱ በጣም ዝቅ ካለ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ ድጋሚ ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካልተለወጠ ባልቮላ ወይም ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መካከል ያለ ማሸጊያ) ነው።

በዚሁ በአየሩ መሳሳት ሌሎች ነገሮችም ይለወጣሉ። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበቱም ያንሳል። ይሄ በማስተካከያ የሚፈታ ነው፣ ለሞተር ማውረጃ ምክንያት አይሁን። የፍሬኑ አጋዥም በአየር ግፊት ስለሚሠራ እዚህ ደከም ይላል፣ ፔዳሉ ጠንከር ቢል አይግረማችሁ። ውሃ ደግሞ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ አለበት፤ ላስቲኩ ካለቀ መኪናው ያለምንም ሌላ ችግር ያፈላል። ክዳኑን ለውጡና ከዚያ በኋላ ብቻ ስለራዲያተር አውሩ።

7. ንዱት፣ ዳገትና ቁልቁለት ባለበት

ፍሬኑ መያዙን ጊቢ ውስጥ ሳታረጋግጡ አትውጡ። ከቆመ መኪና ፍሬን አንዱ ጎን ይይዛል፣ ሌላው ይለቃል። ቦሎና ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ደግሞ መንገድ ላይ አይወጣም፤ በጭነት መኪና ወደ ጋራዥ ይሄዳል።

ሁሉም ከተሟላ የሱሉልታ መንገድ ጥሩ መፈተኛ ነው። ከአዲሱ ገበያ የእንጦጦን ዳገት ስትወጡ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጡት። የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የሙቀት መለኪያውን እዩ። ስትመለሱ ቁልቁለቱን ነዳጅ ሳትሰጡ በማርሽ ያዙት፣ ታች ስትደርሱ ነዳጅ ስጡና በስፖኪዮ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ የባልቮላው ጎሚኒ ደርቋል። በቆሙ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው፤ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ግዢ አያስቀርም። ነጭ ጭስ በማያቋርጥ ሁኔታ ከወጣና ውሃው ከጎደለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ቆማችሁም ከስር ያነጠፋችሁትን ካርቶን እዩ። ቀዩ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሽ ቤት)፣ ጥቁሩ የሞተር፣ አረንጓዴው የኩላንት ነው። ከጎማው ውስጠኛ በኩል የሚወርድ ቀጭን ዘይት የፍሬን ነው፤ ከዚያ ወዲያ አትንዱ።

8. ዋጋ

የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የሚያስፈልገውን ሁሉ ዋጋ ጠይቁ፣ ከመደራደር በፊት። አራት ጎማ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ቱቦዎችና ጎሚኒዎች፣ የነዳጅ ቱቦ፣ ታንከር ማጠቢያ፣ ቤልትና የውሃ ፓምፕ፣ ዘይቶች። የማይገኘውን «የለም» ብላችሁ ለብቻ ጻፉ፤ የድርድሩ ጉልበት እሱ ነው። ድምሩን ከተጠየቀው ዋጋ ቀንሱ። ከዚያ በላይ ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ሲሶ የሚሆን ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጥ። እሱ ከሌላችሁ መኪናው ይቅርባችሁ፤ ከአንዱ ጊቢ ወደ ሌላው ጊቢ ተጎትቶ መቆሙ ነው።

ውሉ የሚፈረመው ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ነው። ቀብድ ከሰጣችሁ በጽሑፍ፣ «ወረቀቱ ካልተሟላ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዞ ይሁን። ደላላ ካለ ኮሚሽኑ ስም ሲዛወር እንጂ ቀብድ ሲከፈል አይሰጥ።

9. የመጀመሪያው ሥራ

ቀለም አይደለም፣ ሬዲዮም አይደለም። መጀመሪያ መቆም፣ ቀጥሎ አለመቃጠል፣ ከዚያ መሄድ።

መቆም ማለት ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ውስጥ ውስጡን ያዝጋል፣ ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ማንዋሉ የሚለውን፣ ብዙ ጊዜ ዶት 4፣ አስገቡ። ከዚያ በየ2 ዓመቱ። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ይሻላል ብላችሁ አትግዙት። የጎማ ቱቦዎቹ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጡና ፍሬኑን ይዘው አይለቁም፤ ሁሉንም ለውጡ።

አለመቃጠል ማለት የነዳጅ ቱቦ ነው። ከታንከር እስከ ካርቡሬተር ያለውን ጎማ ሁሉ ለውጡ። ቤንዚን ላይ ኤታኖል ካለበት የድሮውን ጎማ ያላላዋልና ለኤታኖል የተሠራ ጠይቁ። ታንከሩ አውርዶ ይታጠብ፣ ከፊቱ አዲስ ፊልትሮ ይግባ፣ ፊልትሮውም ከአጭር ጊዜ በኋላ እንደገና ይለወጥ። የመጀመሪያው ዝገት ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

መሄድ ማለት ቤልት፣ ኩላንት፣ ካንዴላ፣ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ነው። ለድሮ ሞተር ማንዋሉ ብዙ ጊዜ 20 ደብሊው 50 (ወፍራም የሞተር ዘይት) ይላል። ዘመናዊ ቀጭን ዘይት ውድ ስለሆነ ይሻላል ማለት አይደለም፣ ከየጓርኒሲዮኑ ያፈሳል። ዘይቱ ኪሎሜትሩ ባይሞላም በዓመት አንዴ ይለወጣል።

ይሄ ሲያልቅ የአዳማን የፍጥነት መንገድ ውሰዱ። ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ 85 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው እየወረደ ይሄዳል፤ ሲመለሱ ያለው ረጅም ዳገት የማቀዝቀዣውን ጤና ይናገራል። አዲሱ ቱቦና ጎማ ሳይገባ እዚያ መንገድ ላይ አትውጡ።

10. የሚያድርበት ቤት

የቆርቆሮ ቤት ይበቃል፣ ወለሉ ግን አፈር አይሁን። ሲሚንቶ ካልቻላችሁ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉና ከላይ ጠጠር ወይም ጣውላ አድርጉ፤ ላስቲኩ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ይይዛል። አየር የሚያስገባ ክፍተት ከላይና ከታች ይኑር።

መኪናውን በላስቲክ ወይም በሸራ አትሸፍኑ። የተያዘው እርጥበት ቀለሙን ያቆስለዋል። የሚተነፍስ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። እህልና መኖ እዚያ ቤት አታስቀምጡ፣ አይጥ ለገብሱ መጥታ ሽቦውን ትበላለች።

ለረጅም ጊዜ ሲቆም የእጅ ፍሬን አትያዙ፣ ይጣበቃል። በማርሽ አቁሙና ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ባትሪው ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት አካባቢ ያነባል፣ ከ12.2 በታች ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል።

11. ንዱት

በየሁለት ሳምንቱ፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ። ቆሞ አስነስቶ ማጥፋት ይጎዳዋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል፤ ሞተሩ ካልሞቀ ውሃው ዘይቱ ውስጥና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ይቀራል። ማርሚታ ከውስጥ የሚበሰብሰው እንዲህ ነው።

ከአስፋልት እስከ ቤታችሁ ኮብልስቶን ከሆነ ቀስ በሉ፤ ስፒድ ብሬከር ላይ አንድ ጎማ ቀድሞ እንዲወጣ በሰያፍ እለፉ። በበጋ አቧራው ከባድ ስለሆነ የአየር ፊልትሮውን ማንዋሉ ከሚለው ቀድማችሁ ክፈቱ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት የውሃ መውረጃዎቹን በሙሉ አጽዱ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ቦዲው ሳይሠራ ቀለም ማስቀባት። የፋብሪካ ቀለም ቢደበዝዝም ዋጋ አለው። ሙሉ ቀለም ከተቀባ በኋላ ገዢ ሁሉ «ምን ተደብቆበት ነው?» ይላል።
- አሮጌውን ዕቃ መጣል። የወጣ ጎሚኒ፣ ቡሽ፣ ማንጠልጠያ፣ ሁሉንም በስም ለጥፋችሁ አስቀምጡ። የሚገጥም ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ልኩን የሚወስደው ከእሱ ነው።
- የመለዋወጫ ቁጥር ሳይይዙ ማዘዝ። ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ ሊያመጣ ሲል «የአልፋ የውሃ ፓምፕ» አይበቃም። የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር እና የአሮጌውን ዕቃ ፎቶ ከነልኩ ላኩ። የሞተር ማጽጃ ስፕሬይ ግን አታስይዙት፣ ብዙው አውሮፕላን ላይ የተከለከለ ነው።
- ሙሉ ኢንሹራንስ ሲገቡ በዕድሜው ማስገመት። ኩባንያው የመኪናውን ዕድሜ ብቻ ካየ ግምቱ ይወርዳል። ፎቶ፣ ደረሰኝና የገለልተኛ ገማች ወረቀት አቅርቡ፤ አደጋ ሲደርስ የሚከፈለው መጠን ከመፈረማችሁ በፊት ፖሊሲው ላይ ይጻፍ።